የማይታየው ሎሌ

በወር ደመወዜ ሎሌ መቅጠር እንደማልችል አንባቢዬ ሳልነግረው ያውቀዋል። ስለዚህ በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ሎሌ ልፈጥር ተነሣሁ። ደመወዝ አይጠይቅም፣ እንጀራ አይበላም፣ ሌሊት አይተኛም ብዬ ነበር። ሦስቱም እውነት ነው፤ የተሳሳትሁት በሌላ ነገር ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ተማሪዎቼ ውጤት የሚቀመጠው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር እንደ በሽተኛ እያቃሰተ ይነሣል። አንድ ቀን ሳይነሣ ይቀራል የሚል ሥጋት ስላደረብኝ፣ በፓይተን ቋንቋ ሃያ መስመር የማትሞላ ስክሪፕት ጻፍሁ። ሥራዋ በየዐሥር ደቂቃው ሮስተሩን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ብቻ ነው። አስጀመርኋት፤ ገለበጠች። ደስ እያለኝ የትእዛዙን መስኮት ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ ባይ፣ የመጨረሻው ግልባጭ የተወሰደው እኔ ከክፍሉ ከመውጣቴ በፊት ሆኖ ተገኘ። መስኮቱን ስዘጋ ስክሪፕቷም አብራ ሞታለች። ነገሩ የቆየ ልማድ ነው። ሰውና ኮምፒዩተር በስልክ መስመር ይገናኙ በነበረበት ዘመን፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሰውዬው ላስጀመራቸው ፕሮግራሞች «ስልኩ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ይደርሳቸው ነበር፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ፕሮግራምም ምልክቱን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ይሞታል። ስልኩ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። «ኖሃፕ» የሚባል ትእዛዝ ከፊቷ ባስቀድም ምልክቱን እንዳልሰማች ሆና መሥራት ጀመረች። ይህም የቆየው መብራት እስኪጠፋ፣ ማለትም እስከ ሐሙስ ድረስ ነው።

ከጌታው ተለይቶ ከበስተኋላ የሚሠራ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሙያው ቋንቋ ዲሞን ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ ያመጡት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኮርባቶ የፊዚክስ ሰው ስለ ነበሩ ስሙን የወሰዱት፣ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1867 ካሰበው ፍጡር ነው፤ ይኸውም በሁለት የጋዝ ክፍሎች መካከል በር ላይ ቆሞ ፈጣኖቹን ሞለኪውሎች ወዲህ፣ ዘገምተኞቹን ወዲያ እያሳለፈ ያለ ድካም የሚለይ ነው። እኔ ይህን ፍጡር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ፤ ዘመዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። ይልቁንም የገረመኝ፣ ኮርባቶ እንደ ተናገሩት፣ የመጀመሪያው ዲሞን ሥራ የፋይሎችን ግልባጭ በቴፕ ላይ ማስቀመጥ መሆኑ ነው። የእኔዋ ስክሪፕት ሥራ ማለት ነው! ወደ አማርኛ መልሰን ጋኔን ብንለው ግን እናቴ ኮምፒዩተሩን ጠበል ካላስረጨሁ አታድርም፤ ስለዚህ ሎሌ ብዬዋለሁ።

ቀድሞ በዩኒክስ ቤት ዲሞን የሚወለደው በሚያሳዝን መንገድ ነበር። ፕሮግራሙ ልጅ ይወልድና አባትየው ወዲያው ይሞታል፤ ወላጅ አልባ የሆነውን ልጅ፣ የሁሉ የበላይ የሆነው ቁጥር አንድ ፕሮሰስ በማደጎ ይቀበለዋል። ዛሬ በብዙዎቹ ሊኑክሶች ቁጥር አንድ ሆኖ የተቀመጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሲስተምዲ ነው፤ ይህን ሁሉ ሞት አይጠይቅም። ዐሥር መስመር በማትሞላ ወረቀት ፕሮግራሙ የት እንዳለ፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ ቢወድቅ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚነሣ፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ እንዲጀምር ጽፎ መስጠት ይበቃል። አድራሻውን ግን ለአገሩ እንግዳ እንደሚነገር ከሥሩ ጀምሮ መንገር ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደከምሁ።

ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም ሎሌዬ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይነሣ ጀመር። ለምክትል ርእሰ መምህሩ «ከእንግዲህ ውጤት አይጠፋም» አልኋቸው። ከዚያም ረሳሁት።

አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ለማባዛት ዲስኩን ነቅዬ ወሰድሁና በቦርሳዬ ውስጥ ረሳሁት። የነቀልሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላማም። ዲስኩ ቢሄድም ዲስኩ ይታይበት የነበረው ባዶ አቃፊ በዚያው በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ቀርቶ ነበርና፣ ሎሌዬ ምንም ሳይጠይቅ እዚያው መገልበጡን ቀጠለ። በመዝገቡም በየዐሥር ደቂቃው «ተገልብጧል» እያለ ጻፈ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ሳይነሣ ቀረ፤ ዋናውም ግልባጩም አብረው ሄዱ።

የጠፋው የ11ኛ ክፍል የሁለት ሴክሽን ፈተና ነው፤ ከሃያ የታረመ። ወረቀቱን ለተማሪዎቹ መልሼ ነበር። በክፍሉ ፊት ቆሜ «ወረቀታችሁን አምጡልኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያልደረሰበት አያውቀውም። አብዛኞቹ አመጡ። አንድ ልጅ ሃያ ከሃያ አግኝቻለሁ ብሎ ማለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ። በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርባ፣ «ቲቸር፣ የእኔን እናቴ እሳት አያያዘችበት። ስድስት ነበር ያገኘሁት» አለችኝ። ዐሥራ ስድስት ብትለኝ እጽፍላት ነበር። ስድስት ብዬ ጻፍሁ፤ እስክሪብቶው ግን ከበደኝ።

ዛሬ ሌላ ኮምፒዩተር አለ፤ ስክሪፕቷም ከሃያ መስመር ወደ አርባ አድጋለች። ከመገልበጧ በፊት ዲስኩ በእርግጥ በቦታው መኖሩን ታያለች፤ ከሌለ ሥራዋን አቁማ በቴሌግራም ትከሰኛለች። ከዚህም በላይ ጥዋት ጥዋት በአንድ ሰዓት፣ ሌሊቱን ስንት ፋይል እንደ ገለበጠች አንድ መስመር ትልክልኛለች። መልእክቱን ብዙ ጊዜ አላነበውም፤ መምጣቱን ብቻ ነው የማየው። ሞታ ከሆነ መሞቷን ልትነግረኝ አትችልምና፣ ዝም ስትል ነው የምደነግጠው።

ባለፈው ማክሰኞ ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኖ ምንም አልመጣም። ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥሁ። ዘበኛው በሩን እየከፈቱልኝ፣ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ጥዋት?» አሉኝ። በግቢው መብራት ጠፍቶ አድሯል።