«ለምን?» የምትል ልጅ

ባለፈው ወር ከልጄ ትምህርት ቤት አንዲት ወረቀት መጣችልኝ። ወላጆች አንድ ጧት ከልጆቻቸው ጋር ክፍል ገብተው ትምህርቱን እንዲከታተሉ የምትጋብዝ ነበረች። እናቶች እንደምታውቁት፣ ሠራተኛ ሴት ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣላት መጀመሪያ የምታስበው ወይ ገንዘብ ወይ ጥፋት ነው። ሁለቱም አለመሆኑን ደጋግሜ አንብቤ ካረጋገጥሁ በኋላ አለቃዬን አስፈቅጄ ሄድሁ።

ትምህርት ቤቱ፣ በመምህራኑ አነጋገር፣ «ተራማጅ» የማስተማር ዘዴ ይከተላል። ይህ ቃል በእናቶቻችን ዘመን የፖለቲካ ቃል ነበር። እዚህ ግን ተማሪው ከመምህሩ አፍ የወጣውን ጽፎ ከመሸምደድ ይልቅ ራሱ እየሠራ፣ እየጠየቀና እየተከራከረ ይማር ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ የሙከራ ትምህርት ቤት የከፈተው አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ፣ ለልጆች የሚሆን ጠረጴዛ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር፣ ያሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ ተቀምጦ ለማዳመጥ እንጂ ለመሥራት የተሰናዱ እንዳልሆኑ አንድ ነጋዴ እንደነገረው ጽፏል። በአገራችንም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «ተማሪን ማዕከል ያደረገ» የሚለው አነጋገር በመምህራን ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

እኔ ራሴ የተማርሁት ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በክፍላችን ፕላዝማ ተተከለ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ለመምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትሰጣቸዋለች፤ በቀረው ጊዜ እንደኛው ቆመው ያያሉ። ፕላዝማው ጥያቄ ያቀርብና ለመልሱ ጥቂት ሴኮንዶች ይሰጠናል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ መጥቶ ያልፋል። መብራት የጠፋ ዕለትማ ትምህርቱ በዚያው ቀረ ማለት ነው። እጅ አውጥቶ ፕላዝማን «አልገባኝም» ማለት አይቻልም። እኛም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተውነው። ኋላ እንጀራዬ መጠየቅ ሆነና፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በምማርበት ጊዜ ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የወጣሁ ዕለት እጄ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አልረሳውም።

ወደዚያች ጧት ልመለስ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። አርባ ስድስት ተማሪዎች ዴስኮቻቸውን አዙረው፣ በቡድን በቡድን ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። ጫጫታው የገበያ ያህል ነው። መምህሩ ጠመኔያቸውን ይዘው ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ሁሉም ያማረ ነበር አልልም፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ የኳስ ተጫዋቾች ማልያ ሲሥል አየሁት፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ደግሞ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ባለው ክፍል ድምፁ ጎላ ያለ ልጅ የሌላውን ተራ መውሰዱ አይቀርም።

ተማሪዎቹ የቤታቸውን የመብራት ሒሳብ ጽፈው መጥተዋል። የተጠቀሙበትን ኪሎ ዋት ሰዓትና የከፈሉትን ብር በግራፍ ወረቀት ላይ እያሰፈሩ መሥመሩ ቀጥ እንደማይል ደረሱበት። ለምን? ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በደረጃ ከፍ ስለሚል ነው፤ ጥቂት የሚጠቀመው በርካሽ እንዲያገኝ የታሰበ ነው ሲል አንድ ልጅ አስረዳ። ይህን ጊዜ የኔዋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀምስ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሷ ቀጠለች። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው ቢቆጠር ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይሆናል፤ አንድ ላይ ሲደመር ግን ከፍ ወዳለው ደረጃ ይወጣል። «ስለዚህ እኛ ብዙ የምንከፍለው ብዙ ስለተጠቀምን ሳይሆን ተከራይ ስለሆንን ነው።»

ፊቴ በእፍረት ጋለ። የቤታችንን ጉድ በሰው ፊት ዘርግፋው! መምህሩ ግን መልስ አልሰጡም፤ ነገሩን በቁጥር እንዲያሳዩ ለክፍሉ መለሱት። ከየቡድኑ «እኛም ቤት እንደዚሁ ነው» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ዝም ብለው ከነበሩት ሁለት ልጆች አንዷም ያን ጊዜ ስታወራ አየኋት።

ከክፍል ስንወጣ መምህሩን የፈተናውን ነገር ጠየቅኋቸው። እናት ናትና ያስጨንቃታል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሹን ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ስለ መብራት ሒሳብ ሲከራከሩ ውለው ለዚያ ፈተና ይደርሳሉ ወይ? እርሳቸውም ሳይደብቁ ከዓመቱ ዕቅድ ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ነገሩኝ። የሸመደዱት ልጆችም ቢሆኑ እንዳላለፉ ግን አከሉልኝ። ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ አላሳረፈኝም፤ ዛሬም አላሳረፈኝም።

ትልቁ ፈተና ግን እቤት ጠበቀኝ። ማታ ልጄ አንድ ገጽ ወረቀት አመጣች። በጊቢያችን ያለነው አራት ቤተሰብ ነን፤ ሒሳቡ ለአራት እኩል ይከፈላል። አከራያችን ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ያስረክባሉ። ልጄ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አስቀምጣዋለች።

«ለእሳቸው ላሳያቸው?» አለችኝ።

«ዝም በይ! ቤት ልታስለቅቂኝ ነው?» አልኋት ሳላስበው።

እኚህ ሴት ክፉ አይደሉም። ሁለተኛው ልጄ ሊወለድ ምጥ የያዘኝ ሌሊት ታክሲ ለምነው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እርሳቸው ናቸው። በዚህ ከተማ ቤት ፍለጋ ምን ማለት እንደሆነም እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ባለቤቴ «ልጅቷ ልክ ናት» አለና ራዲዮኑን ከፈተ፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው።

ልጄ ወረቀቷን አጥፋ ትንሽ ቆየችና፣ «እማዬ፣ አንቺ ሥራሽ መጠየቅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

በማግስቱ አከራያችን ቡና ጠሩኝ። ወረቀቱን በነጠላዬ ሥር ይዤ ሄድሁ። አቦሉን ጠጣን፤ ቶናውን ጠጣን፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ተጫወትን። በረካው ሲቀዳ አፌን ከፍቼ ነበር። «ምነው?» ቢሉኝ፣ «ቡናው ግሩም ነው» ብዬ ተመለስሁ።

ልጄ በራፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከነጠላዬ ሥር ወረቀቱን ሳወጣ አየችው። ምንም አላለችኝም፤ ተቀብላኝ የደመቀ እንዲሆን ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ደግማ ጻፈችባቸውና መልሳ ሰጠችኝ። የወሩ ሒሳብ የሚከፈለው የፊታችን ቅዳሜ ነው።