ታሪኩ የማን ነው?

ዛሬ ስለ ሙዚቃ ልጽፍ ነው። ደሴ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ሳቁን ለኮሜንት አቆዩት። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ እንኳ ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ሰው እንደነበርኩ አልረሳሁም።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ሬዲዮው ጋርዝ ሃድሰን የሚባል የ87 ዓመት ሙዚቀኛ መሞቱን ተናገረ። “ዘ ባንድ” የሚባለው ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ከአምስቱ አባላት በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቡድኑ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ በራሱ በቡድኑ ስም የተሰየመውን አልበም ያጫውቱ ጀመር። ለዓለም የ55 ዓመት አሮጌ ነበር፤ ለኔ ግን አዲስ አልበም ነበር። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ሰማሁ።

ሮክም ነው፣ ብሉዝም ነው፣ የገጠር ዘፈንም ነው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ዘፋኙ “እኔ” ሲል ራሱን ማለቱ አይደለም። አንዱ ዘፈን ውስጥ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሌላው ውስጥ ባሕር ላይ ያረጀና ቨርጂኒያ አገሩ ገብቶ ማረፍ የናፈቀው ሽማግሌ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደግሞ ድርቅ የመታው፣ ጎተራው የተቃጠለበትና ተስፋውን ሁሉ በሠራተኛ ማኅበር ላይ የጣለ ገበሬ ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ዘፈን አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይሰማዋል። ይህን ሁሉ የሠሩት ከጋርዝ በቀር 30 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ ያውም አብዛኛውን ሎስ አንጀለስ፣ ከሳሚ ዴቪስ ጁኒየር በተከራዩት ቤት፣ መዋኛ ገንዳው አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ስለ አሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የሚናገረው ነው። ተራኪው የተሸነፈው የደቡብ ወገን ድሃ ነው። የሚሠራበት የዳንቪል ባቡር ሐዲድ በጠላት ፈረሰኞች ተነቅሏል፣ በ1865 ክረምት ተርቧል፣ የ18 ዓመት ወንድሙ ተገድሏል። ዳንቪል ያለው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። እኔ በየቀኑ በማልፍበት የፕሪንስና የዋሽንግተን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የአንድ የደቡብ ወታደር ሐውልት ነበር፤ መሣሪያ ሳይዝ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደቡብ የዞረ። በጁን 2020 እ.ኤ.አ. ሲነሣ ደስ ብሎኛል። ያ ጦር የተዋጋው ባርነት እንዲቀጥል ነበርና። ዘፈኑን ስሰማ ግን ለሰውየው አዘንኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። በዚያው ሐዲድ ላይ ጥቁሮች በባርነት ጉልበታቸውን አፍስሰዋል፤ ዘፈኑ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። ተራኪ አንዱን ሰው ሲያሳየን ሌላውን ይጋርድብናል።

የዚህ ዘፈን ጣጣ በዚህ አያበቃም። ከአምስቱ አራቱ ካናዳውያን ናቸው። የደቡብ ልጅ ከበሮ መቺው ሌቮን ሄልም ብቻ ነው፤ የአርካንሶ የጥጥ ገበሬ ልጅ። ያንን ዘፈን የሚዘፍነውም እሱ ነው። ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ጊታሪስቱ ሮቢ ሮበርትሰን ነው፤ የቶሮንቶ ልጅ። ሌቮን በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ነገር ምን ያህል እንደተቀየመ ጽፏል። ዘፈኖቹ የተሠሩት በጋራ ነው፣ የደራሲነቱ ክብርና ገንዘብ ግን ወደ አንድ ሰው ሄደ ነው የሚለው። ሮበርትሰን ደግሞ ተቀምጦ የጻፈው ሰው እሱ መሆኑን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ተናግሯል።

ፈራጅ አይደለሁም። ግን የኛን ካሴቶች አስታወስኩ። ሽፋኑ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሦስት ሰው ስም ይሰፍራል። ታሪኩን የሰጠው ሰው ቦታ የለውም።

ሌቮን የጉሮሮ ካንሰር ይዞት ድምፁን አጥቶ ነበር። ቀስ በቀስ ተመለሰለትና በ2007 ወላጆቹ ያስተማሩትን ዘፈኖች ጭምር የያዘ አልበም አወጣ፤ ግራሚም ተሸለመ። በ2012 ሊሞት ሲቃረብ ሮበርትሰን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አጠገቡ እንደተቀመጠ ራሱ ጽፏል። ይህን ሳነብ ታክሲዋን ዳር አስያዝኩ። ምክንያቱም እኔም አንድ የምቀመጥበት ሰው አለኝ።

በ1977 ዓ.ም. ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአሰብ የእርዳታ እህል ጭኖ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያደርሳል። አንድ ሌሊት አቧራ ለብሶ ቤት መጣና፣ ከባቲ ወዲህ መኪናዋ ተበላሽታ መቆሟን፣ መንገድ ዳር የተቀመጡ ረኀብተኞች ሁለት ጆንያ ማውረዳቸውን ነገረን። ዓመታት አልፈው አስተማሪ ስሆን ያንን “የቆመችው መኪና” ብዬ አጭር ልቦለድ አደረግኩት። ክፍል ውስጥ አነበብኩላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አልቅሳችኋል፣ እኔም ኮራሁ። ከሥሩ የተጻፈው የኔ ስም ነበር።

ጋሼ የሰማው ከጎረቤት ልጅ ነው። “ጥሩ ጽፈሃል አሉ” አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ መንገድ አውርቶኝ አያውቅም። በበዓል እንደዋወላለን፤ ጤና፣ ልጆች፣ ኑሮ፣ ቻው።

ባለፈው እሑድ ደወልኩለት። “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላንብብልህ” አልኩት። ልቦለዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩ። ዝም ብሎ ሰማኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ “አለህ?” አልኩ። ስጨርስ፣

“አልተበላሸችም” አለ።

“ምኗ?”

“መኪናዋ። እኔ ነኝ ያቆምኳት።”

አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ መንገዱ መሐል ተቀምጣ ነበር። መሪውን ጠምዝዞ አለፋት። ትንሽ ከሄደ በኋላ አልቻለም፤ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጆንያዎቹን በገዛ ትከሻው አወረደ። መሥሪያ ቤቱን ተበላሽታ ነው አለ። ለኛም እንደዚያው አለ፤ ያኔ እውነቱ ቢወጣ እስር ቤት ነበር። ሰው ሲያወራ እየሰማ አርባ ዓመት ዝም አለ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የታሪኩን ዋና ነገር ሳላውቅ ደራሲ ነኝ ብዬ ኖርኩ።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“አልጠየቅከኝማ።”

ልቦለዱን ባስተካክለው ስሙን ላስገባ እንደሆነ ጠየቅኩት። “ስሜ ምን ያደርግልሃል? ሰው ፊት ከማንበብህ በፊት ግን ለኔ ማንበብ ነበረብህ” አለ። ለካ የተቀየመው በስሙ አልነበረም።

ይህንን ጽሑፍ ትናንት ማታ አነበብኩለት። አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። “ሁለት ጆንያ አይደለም፣ ሦስት ነው። አሁን ማን ይጠይቀኛል፣ ሦስት ብለህ ጻፍ” አለና ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!

ሦስት ነው ልጆች። ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁን አርሙልኝ።

አልበሙን ፈልጋችሁ ስሙት፤ እስከ መጨረሻው ዘፈን። ደግሞ ከናንተ ውስጥ የምትጽፉ፣ የምትዘፍኑ፣ ፊልም የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የማንን ታሪክ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት? ሰውየው ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት።

ቲቸራችሁ