የተዋሱት መኪና ቅጣት የማን ነው?

ሐርጌሳ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር አራት ነጋዴዎች ነን። በርበሬ፣ ሽሮና ቡና በወጃሌ በኩል እናስገባለን፤ ለአገራችን ልጆችና ለምግብ ቤቶች እናከፋፍላለን። የራሳችን መኪና የለንም። ስለዚህ መኪና መዋስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተውሶ ምን እንደሚያስከትል በደንብ የገባን ግን ዘንድሮ ነው።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ዕለት ነው። ዕቃው ከወጃሌ ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ዘወትር የሚያመላልስልን ሰው ግን መኪናው ተበላሽታበት ቀረ። አከራያችንን ለመንናቸው። ሀጂ ነው የምንላቸው። ቪትዛቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩዋታል፤ ቢሆንም ቁልፉን ሳያቅማሙ ሰጡን። አማርኛ ይናገራሉ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ አገር ተሰደው፣ ጅግጅጋ አካባቢ ሐርትሼክ መጠለያ ውስጥ ዓመታት ኖረዋል።

እዚህ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። መኪናው ከዱባይ በበርበራ ወደብ የሚመጣ የጃፓን መኪና ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። የምንነዳውም በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው። ለመቅደም ሲፈለግ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ «ሂድ» ሲል ነው የሚታለፈው። እኛም እንዲሁ እየተባባልን ዋሂን ገበያ አጠገብ ደረስን። የደንበኛችን ሱቅ ፊት ለፊት ማቆሚያ ስለጠፋ፣ «ሁለት ደቂቃ ናት» ብለን ከቆመ መኪና ጎን ደርበን አቆምንና ማዳበሪያዎቹን ማውረድ ጀመርን። ከኋላችን መንገዱ ተዘጋ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። አልተከራከርነውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። የመኪናዋን ደብተር፣ እኛ ሊብሬ የምንለውን ማለት ነው፣ ወሰደና ቅጣቱን ከፍለን እንድንወስድ ነገረን።

ማግስቱ ዓርብ ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። እኛም «ቅዳሜ ጠዋት ከፍለን ደብተሩን ቦታው እንመልሰዋለን፤ ሀጂ ምን አስጨነቃቸው» ብለን ማታውኑ ቁልፉን አስረከብን። ስለ ደብተሩ ትንፍሽ አላልንም። ትልቁ ጥፋታችን ይህ ነው።

ቅዳሜ እኛ ሳንነቃ ሀጂ ታማሚ ዘመድ ሊጠይቁ ወጡ። መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ደብተር የለም። የኋላ የፍሬን መብራትም አይሠራም። ሁለተኛ ቅጣት ተጻፈባቸው። የፊተኛውንም የኋለኛውንም በስልካቸው በዛድ ከፍለው ተመለሱ፤ ለእኛ ምንም አላሉንም። የሰማነው ከልጃቸው ነው።

ያን ዕለት ማታ ግቢያችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዳችን «የነዳው ይክፈል» አለ። የነዳው ደግሞ «ዕቃው የአራታችን አይደለም ወይ? አቁም ያላችሁኝስ እናንተ አይደላችሁም?» አለ። ሌላው «ሁለተኛው የእሳቸው ነው፤ ባለመኪና ሳያይ ይወጣል እንዴ?» ብሎ ተሟገተ።

አገር ቤት ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብለንም ተነጋገርን። አዲስ አበባ ሹፌሩ መኪናውን በማይቆምበት አቁሞ ከሄደ ትራፊኩ ታርጋ ይፈታል። ያቆመው ሌላ ቢሆንም መኪናው ያለ ታርጋ የቀረው ባለቤቱ ነው። በፍጥነት መንዳትና መብራት መጣስ ግን የነጂው ጥፋት ነው፤ መንጃ ፈቃዱን የሚይዙትም የእሱን ነው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ እሱ ባይነዳውም ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፍ የሚያውሰን ሰው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው የሚያውሰን።

በማግስቱ ገንዘቡን ይዘን ሀጂ ዘንድ ገባን። የሁለቱንም ቅጣት ነበር የያዝነው። ሻይ አስቀዱልንና ቆጠሩት። ከዚያም ከፍለው መለሱልን። «ደርባችሁ ያቆማችሁት የእናንተ ነው። የደብተሩም የእናንተ ነው፤ ብትነግሩኝ አልወጣም ነበር። መብራቱ ግን የኔ ነው፤ ከወር በፊት መቃጠሉን አውቃለሁ» አሉን።

ልንወጣ ስንል ግን አስቀመጡን። «ቅጣት ቀላል ነው» አሉ። «ሰው ብትገጩስ? እዚህ አገር የሟች ቤተሰብ የሚመጣው ወደ ጎሣ ነው። ማግ የሚባለውን ካሣ ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል። እናንተ እዚህ ጎሣ የላችሁም። ወደ ማን የሚመጡ ይመስላችኋል? መኪናው የማን ነው ብለው ወደኔ ነው የሚመጡት፤ ወንድሞቼ ግመላቸውን ለእናንተ ጥፋት ይሸጣሉ።»

መልስ አልነበረንም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል ያደግን ሰዎች ነን፤ የሰው መኪና ይህን ያህል እንደሚከብድ ግን አላሰብንም ነበር። እኛ የተጨቃጨቅነው ስለ ቅጣቱ ገንዘብ ነበር። እሳቸው ቁልፉን ሲሰጡን የወንድሞቻቸውን ንብረት ጭምር አሲዘውልን ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አራታችን የተስማማንበትን ለምትዋሱ ሁሉ እንንገራችሁ። ነጂው በመንገድ ላይ ያጠፋውን ነጂው ይከፍላል። ለጋራ ዕቃ ስንል ያቆምንበት ቅጣት ከሆነ ግን ለአራት እንካፈላለን፤ «ሂድ» ያለም «አቁም» ያለም እጁ አለበት። የመብራት፣ የጎማና የዓመት ግብር ጉድለት የባለቤቱ ነው፤ ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት አይተን መናገር የእኛ ፈንታ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው መሪ አይነካም። ከሁሉ በላይ፣ ቁልፉ ሲመለስ የሆነው ነገር ሁሉ አብሮ ይነገራል። ወረቀት የተወሰደ እንደሆነ፣ ቢሸትም፣ ቢያሳፍርም፣ በዚያው ማታ ይነገራል።

ሀጂ አሁንም መኪናቸውን ያውሱናል። ሐሙስ ሐሙስ ቁልፉን ስንቀበል መጀመሪያ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ መኖሩን እናያለን። ከዚያ አንዳችን ፍሬን ይረግጣል፣ አንዳችን ከኋላ ቆሞ መብራቱን ያያል። ሀጂ በራቸው ላይ ቆመው ይስቁብናል። አምፖሉን በማግስቱ ቀይረውታል፤ እኛ ግን ማየታችንን አልተውንም።