ፍሬን ሲግል፦ ከሰሚት ፖይንት እስከ ግራ ካሱ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የነዳ ሰው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የተባለ የመኪና መወዳደሪያ ስፍራ ይደርሳል። ዋናው መም 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 10 መታጠፊያ አለው። ከፍሎ የተመዘገበ ሁሉ የገዛ መኪናውን ይዞ ይገባና ያለ ትራፊክ ፖሊስ ሥጋት የልቡን ያደርሳል። ስፖርት መኪና ለሚወድ የአሌክሳንድሪያ ወይም የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ቅዳሜን ማሳለፊያ ነው።

እዚያ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ሞተር ሳይሆን ፍሬን ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ ፍሬን ተይዞ ሲቆም፣ 2.3 ሜጋ ጁል ገደማ ጉልበት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ዲስኩ ይግላል፤ ሸራው ይሸታል፤ ሙቀቱ በፍሬኑ ፒስተን አልፎ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል። የፈላ ዘይት አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።

ከዋግ ሰቆጣ ተነሥቶ በኮረም በኩል ወደ አላማጣ ለሚወርድ ሾፌር ይህ ምኑም አዲስ አይደለም። ኮረም ያለችው ከ2,500 ሜትር በላይ፣ አላማጣ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው የግራ ካሱ ቁልቁለት አለ፤ ጥምዝምዙን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ 1,500 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚያራግፈው ጉልበት 14.7 ሜጋ ጁል ይሆናል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከስድስት ጊዜ በላይ እንደ መቆም ማለት ነው። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ ያን ትንሽ መኪና 42 ጊዜ እንደ ማቆም ነው! የዲሲው ልጅ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበትን ፈተና የዋግ ሾፌር እህል ጭኖ፣ ለእንጀራው ሲል ይወጣዋል።

ፈተናው ግን መልኩ ይለያያል። መም ላይ ፍሬን የሚያዘው አጥብቆ፣ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ነፋሱ ዲስኩን ያበርደዋል። ቁልቁለት ላይ ይህ እፎይታ የለም። ጉዞው ዝግ ያለ ነው፣ ነፋሱም ጥቂት ነው፤ በኮረም ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ እጅ በላይ ይሳሳል። የከባድ መኪናው ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ስለዚህ የአገር ቤት ነባር ሾፌር ዋናው ፍሬኑ ማርሹ ነው፤ ዳገቱን በወጣበት ከባድ ማርሽ ይወርደዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚለቀው ራሱንም ተሳፋሪውንም ለአደጋ ይዳርጋል። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቃል።

አንድ ልማድ ግን ሁለቱንም ያገናኛል። ከመም የወጣ መኪና የእጅ ፍሬን አይሳብበትም፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል ጎማው ሥር ሽብልቅ ይደረጋል። የእኛ ረዳትም ጎማ ሥር የሚያስገባትን ድንጋይ ይዞ የሚዘለው ወዶ አይደለም።

ፍሬን ማሻሻል ሲባል ውጭ ያለው ወጣት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከጎማው ውስጥ ብቅ በሚለው ቀይ የብሬምቦ ፍሬን ላይ ነው። ያምራል፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። አልፎ አልፎ መም ለሚረግጥ ሰው ግን የመጀመሪያው ሥራ የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ግን ውሎ ሲያድር መፍያው ወደ 140 እና 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቀጥሎ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ ነፋስ የሚያደርስ ቱቦ ነው። ቀዩ ጌጥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

አገር ቤት ላለው ወንድም ፒክአፕ የውድድር ሸራ ልኮ ውለታ የዋለ የሚመስለውም አለ። እንዲህ ያለው ሸራ ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ድንገት ሕፃን ቢገባበት የመጀመሪያው አያያዙ ነው የሚያስፈልገው። ጥራት ያለው የተለመደ ሸራ ይበልጠዋል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዙትም ይህን ልብ ይበሉ፦ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ባትሪውን እየሞላ ራሱን ይይዛል፤ ባትሪው ሞልቶ ኮረም ላይ ከተነሣ ግን መቀበያ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ሸራው ይመለሳል።

በነሐሴ ለሻደይ በዓል ሰቆጣ የምትገቡ፣ መኪና ስትከራዩ ከጎማው ጋር የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደ ተቀየረ ጠይቁ። ተጨመረ ማለት ተቀየረ ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት ካለፈው ወይም ባለቤቱ ካላስታወሰ፣ ሳትነሡ አስቀይሩት።