በባቡር ወደ በረዶው ቀንበር

ባለፈው ሐምሌ ወር እናቴ ከደባርቅ ተነሥታ፥ እኔ ወደምኖርባት ወደ በርን ከተማ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፥ ሰማዩ በጠራ ቀን በስተ ደቡብ የሚታዩትን ነጫጭ ተራሮች አይታ «እዚያ ላይ ሰው ይወጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። በባቡር እንደሚወጣ ብነግራት የቀለድሁባት መሰላት። ስለዚህም ይዣት ለመሄድ ቈረጥሁ። አንድ ሐኪም ወዳጄ ግን የ71 ዓመት ሴት ወደ 3,454 ሜትር ከፍታ በአንድ ቀን ማውጣት ደግ እንዳልሆነ፥ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል ብቻ እንደ ሆነ በብርቱ አስጠነቀቀኝ። ነገሩን ለእናቴ ብነግራት «እስቲ ሄደን እንየው፤ ቢደክመኝ እቀመጣለሁ» አለች። እኔ ግን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አሳለፍሁት።

በማለዳ ተነሥተን በሁለት ሐይቆች መካከል ወደምትገኘው ወደ ኢንተርላከን ደረስን። ከዚያም በሌላ ባቡር ወደ ላውተርብሩነን ሸለቆ ገባን። በዚህ ሸለቆ ሽታውባኽ የሚባለው ፏፏቴ 300 ሜትር ከሚያህል ገደል ይወርዳል፤ መሬት ሳይደርስም ብዙው ውሃ እንደ ጭስ ይበተናል። ከሸለቆው ወደ ላይ፥ አውቶሞቢል በማይገባባት በቬንገን መንደር በኩል አልፈን፥ 2,061 ሜትር ከፍታ ካለው ከክላይነ ሻይደክ ደረስን። የላሞቹ ቃጭል ከየመስኩ ይሰማ ነበር። ከፊታችን ሦስት ተራሮች ተሰልፈው ቆመዋል፤ አይገር 3,967 ሜትር፥ ሜንሽ ከ4,100 ሜትር በላይ፥ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር ናቸው። ሜንሽ ማለት መነኩሴ፥ ዩንግፍራው ማለት ደግሞ ልጃገረድ ማለት ነው። የምንሄድበት ቦታ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ዝቅታ ሲሆን፥ ስሙም ዩንግፍራውዮኽ ይባላል። ዮኽ በቋንቋቸው ቀንበር ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ቀና ብላ አየችና «እውነትም ሁለት በሬ ተጠምዶበታል» አለች።

ይህን ምድር ባቡር ያሰበው አዶልፍ ጉየር ጼለር የሚባል የዙሪክ ባለጠጋ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በነሐሴ ወር ከልጁ ጋር በተራራ ሲጓዝ፥ በዚያው ዓመት የተከፈተው ባቡር ወደ ሻይደክ ሲወጣ ቢያይ፥ ለምን ከዚያ በላይ አይሄድም? የሚል ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡም በውጭው ዳገት ሳይሆን በአይገርና በሜንሽ ሆድ ውስጥ ዋሻ ፈልፍሎ ማለፍ ነበር። ፈቃዱን በ1894 ተቀበለ፤ ሥራውም በ1896 ተጀመረ። በዋሻ ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውን ስለሚያፍን፥ ከመጀመሪያው በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተደረገ፤ ኃይሉንም የሸለቆው ወንዝ ሰጠ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሦስተኛ ብረት ተዘርግቷል፤ ከባቡሩ በታች ያለው ጥርሳም መንኰራኵር እርሱን እየነከሰ ይወጣል። ዳገቱ በበረታበት ስፍራ በ100 ሜትር ርቀት 25 ሜትር ይወጣልና፥ ያለዚህ ጥርስ መንኰራኵሩ በተንሸራተተ ነበር።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ። ዳግማዊ ምኒልክ የጅቡቲን የባቡር መንገድ ለማሠራት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በዚሁ በ1894 ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት አንዱ የስዊስ ሰው ወደ በረዶ፥ ሌላው ከባሕር ዳርቻው በረሃ ወደ ሸዋ ደጋ ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ያዙ። የእኛው አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ይህን ለእናቴ ባወራላት «ያንን እንኳ አባትህ ድሬዳዋ ሲሄድ ተሳፍሮበታል» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሻይደክ ተነሥተን ጥቂት እንደ ወጣን ዋሻው ዋጠን። መንገዱ በሙሉ ከ9 ኪሎሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ከ7 ኪሎሜትር በላይ የሚሆነው ከድንጋይ ውስጥ ነው። በጨለማው ውስጥ ባቡሩ እያቃሰተ ሲወጣ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይህን ሲፈለፍሉ ስንት ሰው አለቀ?» አለችኝ። ከተሳፋሪው ሁሉ ይህን የጠየቀ ሌላ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እንዲህ ስል ነገርኋት፤ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ኢጣልያውያን ነበሩ፤ በ1899 የካቲት ወር ድማሚት ያለ ጊዜው ፈንድቶ ስድስቱን ገደለ፤ ሠራተኛውም ሥራ አቁሞ አደመ። ባለቤቱ ጉየር ጼለርም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በ59 ዓመቱ ሞተ። በ1908 ደግሞ የተከማቸ ድማሚት ፈነዳ። በሰባት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ 16 ዓመት ፈጀ፤ በዚህም ጊዜ 30 ያህል ሰዎች ሞቱበት። እስከ ዩንግፍራው ጫፍ ድረስ ይወጣል የተባለውም ሐሳብ ቀረና መንገዱ ከቀንበሩ ላይ ቆመ፤ በ1912 ነሐሴ 1 ቀን ተከፈተ። እናቴ ይህን ሰምታ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ድረስ አልተናገረችም።

የሚቀጥለው ጣቢያ አይስሜር፥ ማለት የበረዶ ባሕር፥ 3,160 ሜትር ላይ ነው። ባቡሩ ጥቂት ደቂቃ ስለሚቆም ሰዉ ወርዶ፥ ገደሉን ሸንቁረው በመስተዋት በዘጉት መስኮት ይመለከታል። ከዚያ በረዶው ተሰነጣጥቆ፥ ስንጥቁም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ከላይ ከአውሮፓ ጣቢያዎች ሁሉ በከፍታ ከሚበልጠው ጣቢያ ስንደርስ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ራሴን አዞረኝ፤ ጉልበቴም ከዳኝ። ለእናቴ ስሠጋ የነበርሁት ሰው ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። እርስዋ ግን ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈትታ በእጄ አስጨበጠችኝና «ቀስ ብለህ ተንፍስ ልጄ፤ አንተ እኮ ቆላ ለቈላ ኖረህ ረስተኸዋል» አለች። በርን ከተማ 540 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በደጋ የኖረ ሰው ደሙም ሳንባውም ስስ አየርን የለመደ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ የፈራው ነገር በእርስዋ ላይ አልደረሰም፤ እኔው ላይ ደረሰ እንጂ። ለሁሉም ሽማግሌ ግን እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ልብ የሚታመም ሰው ሳይጠይቅ ባይወጣ ይሻላል።

ዐርፌ ስነሣ በአሳንሰር ስፊንክስ ወደሚባለው መመልከቻ ወጣን። ይህ ከ1937 ጀምሮ የአየርና የጠፈር ጠባይ የሚመረመርበት ስፍራ ሲሆን፥ ከፍታው 3,571 ሜትር ነው። በስተ ደቡብ ታላቁ የአሌች ግግር በረዶ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከአልፕስ በረዶ ሁሉ እርሱን የሚያህል የለም። ሲቀልጥ ውሃው በሮን ወንዝ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። በስተ ሰሜን የሚቀልጠው ግን በአሬና በራይን ወንዞች ወደ ሰሜን ባሕር ይወርዳል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የበረዶ ፍሬዎች ዳግመኛ ላይገናኙ ይችላሉ። ይህ ግግር በረዶ ምድር እየሞቀች ከመሄድዋ የተነሣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከ3 ኪሎሜትር በላይ አጥሯል።

እናቴ ያስደነቃት በረዶው አልነበረም። ሰሜን ውስጥ ጨነቅ የሚባለው ስፍራ ከዚህ ከቆምንበት ጥቂት እንደሚበልጥ፥ ራስ ደጀንም ከዩንግፍራው ጫፍ ከ300 ሜትር በላይ እንደሚበልጥ ስነግራት «ታዲያ በዚህ ከፍታ እኛ ገብስ እንዘራለን፤ እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለች። የእኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ፥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምትወጣ በረዶ እንደማይቈይ አስረዳኋት። «ደኻ ነን እንላለን እንጂ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ከመመለሳችን በፊት የባቡሩ መቶኛ ዓመት ሲከበር በ2012 በተከፈተው የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለፍን፤ እዚያ የዋሻ ሠራተኞቹ መታሰቢያ አለ። ሰዉ ፎቶግራፍ እያነሣ ሲያልፍ፥ እናቴ ቆማ በዝግታ ከንፈርዋን ስታንቀሳቅስ አየኋት፤ ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም።

ቍልቍል ስንወርድ የባቡሩ ሞተር ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ መስመሩ እንደሚመልስ፥ የሚወርዱትም የሚወጡትን እንደሚረዱ ነገርኋት። እርስዋ ግን ሐሳብዋ ሌላ ነበር። «የእነዚያ የስድስቱ እናቶች መጥተው አይተውት ይሆን?» አለች። ወዲያው ባቡሩ ከዋሻው ወጣና ብርሃኑ ዐይናችንን አጥበረበረው። ሻይደክ ላይ ዝናም ጀምሮ ነበር፤ የቀረውን ቆሎ ከአጠገባችን ለተቀመጡ ሁለት ሕፃናት አካፈለችና እስከ ኢንተርላከን ድረስ አንቀላፋች።