ባትሪው ጤነኛ ነበር

ባለፈው ሐምሌ አንድ አዛውንት 640 ዩሮ በከንቱ አስወጣኋቸው። ማታለሌ አልነበረም። እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ሥራዬ የጀልባ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው። የምሠራው ኔዘርላንድስ ውስጥ ፍሪስላንድ በሚባለው ሐይቅና ቦይ በበዛበት አካባቢ ነው። አዛውንቱና ባለቤታቸው ጡረታ ሲወጡ የገዟት 11 ሜትር የምትረዝም የብረት ጀልባ አለቻቸው። እንዲህ ያለች ጀልባ ጠባብ ቦታ ስትገባ ንፋስ አፍንጫዋን ይጠመዝዘዋል፤ መሪው ብቻውን አይመልሳትም። ለዚህ ነው ከፊቷ፣ ከውሃው በታች፣ ትረስተር የሚገጠምላት፦ አፍንጫዋን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚገፋ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮፔለር።

የእሳቸው ትረስተር ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደክማል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቴስተሬን ባትሪው ላይ አሳረፍኩ፤ 12.7 ቮልት። ሞተሩ ዘንድ ሄጄ ለካሁ፤ እዚያም 12.7። ፊውዙ ደህና ነው። ባትሪዎቹ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። «አርጅተዋል፣ ሎድ አይችሉም» ብዬ ፈረድኩ። ሁለት አዲስ ባትሪ አስገባሁ፣ ቁልፉን ለሦስት ሰከንድ ያህል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞከርኩ፣ ሠራ። ፈርሜ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለ። ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው በሚያሻግረው፣ ግራና ቀኙ ግንብ በሆነው የውሃ በር ሲገቡ ንፋስ መጣ፤ ትረስተሩ አሁንም ሠርቶ ሠርቶ ዝም አለ። ባለቤታቸው ጀልባዋ ከግንቡ እንዳትላተም በእጃቸው ሊገፉ ሞከሩ። ሁለት ጣታቸው ተሰበረ።

አለቃዬ «ሞተሩን ቀይርና ጨርስ» አለኝ። አንድ ሰዓት ስጠኝ አልኩት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ያኔ ነው፤ ትረስተሩ እየሠራ ሳለ መለካት። አዛውንቱ ቁልፉን ይዘው እኔ ከታች ተንበረከክሁ። ባትሪው ላይ 11.4 ቮልት አለ፤ ለሥራ ሰዓት ጥሩ ነው። ሞተሩ ላይ ግን 8.1 ብቻ። የጎደለው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ መካከል ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። 2.9 አነበበ።

ነገሩ ይሄ ነው። ያ ሞተር ወደ 300 አምፔር ይስባል። መንገዱ ላይ 0.01 ኦም እንቅፋት ካለ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ይህም 900 ዋት ነው፣ የልብስ ካውያ ሙቀት በአንዲት ብሎን ሥር። ሞተሩ ሲቆም ግን ቴስተሩ ራሱ የሚስበው ከምንም ስለማይቆጠር፣ በዚያው በተበላሸ ገመድ ሙሉ 12.7 ቮልት ያልፍለታል። ቴስተሩ አልዋሸኝም፤ የማይረባውን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለሦስት ሰከንድ መሞከሬም እንዲሁ፤ መጋጠሚያው ገና አልጋለም ነበር።

ፊውዙን ነቅዬ የገመዱን ጫፍ ጥቁር ሽፋን ገፈፍኩት። ከውጭ ያማረ ነበር። ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። እርጥበት ገብቶ ለዓመታት ሲበላው ኖሯል።

ይህን ዛሬ የምጽፈው የባልቲሞርን ድልድይ አደጋ ምርመራ ውጤት ስላየሁ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ዳሊ የተባለችው 300 ሜትር ገደማ የምትረዝም የጭነት መርከብ ኃይል ተቋርጦባት ድልድዩን መታች፤ ድልድዩ ላይ መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ያን ሰሞን የሳይበር ጥቃት ነው ያለ ነበር፣ ካፒቴኑን የረገመም ነበር። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር «ጄኔሬተሩ ነው» ብዬ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መርማሪዎች የመጀመሪያውን መብራት መጥፋት ያደረሱት አንዲት የላላች ሽቦ ላይ ነው። ሽቦዋ ላይ የተጠለቀው የስም መለያ ወደ ማሰሪያው በሙሉ እንዳትገባ አግዷት ነበር። መለያው የሚደረገው ጠጋኝ እንዳይሳሳት ነው እንግዲህ።

ትልቅ ጉዳት ሲደርስ ትልቅ ጥፋተኛ እንፈልጋለን። የእኔም 640 ዩሮ ከዚያው የመጣ ነው፤ ባትሪ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ ዋጋው ደረሰኝ ላይ ያምራል። የገመድ ጫፍ ማጽዳትን ግን ማን ከፍሎ ያመሰግናል? የጥገና ድርጅት ከዕቃ ሽያጭ ይኖራል፣ የኔም አለቃ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም።

ገመዱን ቀየርኩ፤ 38 ዩሮ። ያው ልኬት 0.3 ቮልት ሆነ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ባትሪዎቹ ጤነኛ እንደነበሩ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ገንዘቡን ከደመወዜ ለመመለስ ተስማማን፤ አዛውንቱ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። ባለቤታቸው ስለ ገንዘቡ አልተናገሩም። የታሸገውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው የተቆረጠውን አረንጓዴ ጫፍ አንስተው መስኮቱ አጠገብ አገላበጡት። «ይቺ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኳቸው።