የፌሮ ልብስ

አባቴ ሐይቅ ዳር ሲቀመጥ ውኃውን አያይም። እኔ በልጅነቴ የሐዋሳን ወፎች ስቆጥር እርሱ አንድ አሮጌ ግንብ ፈልጎ ስንጥቁን በጥፍሩ ይጭራል፤ የወጣውን ቀይ ትቢያ በጣቶቹ መካከል ያሻል። «ፌሮው ታሟል» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

አሰብ ላይ አርማታ ሠራተኛ ነበር። በ1983 ዓ.ም. እናቴ እኔን አዝላ፣ እርሱ አንድ ሻንጣ ይዞ ከወጡ ወዲህ ባሕር አላየም። የእኛ ሐይቅ መውጫ ባይኖረውም ውኃው እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፤ ለአባቴ ግን ውኃ ሁሉ ቀይ ባሕር ነው።

አርማታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «የታጠቀ» እንደማለት። ትጥቁ ብረት ነው። ሲሚንቶው ጤናማ ሳለ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። የባሕር ጨው ግን በረቂቅ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይህን ጥበቃ ያፈርሰዋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ይሻልና ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ለዚህም ነው ባሕር ዳር ፌሮው 5 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ልብስ እንዲለብስ የሚደረገው።

ባለፈው ክረምት ፌሮ ስለሌለው አርማታ አነበብኩ። በድሬስደንና በአኽን ያሉ የጀርመን ተመራማሪዎች በብረት ፋንታ ከካርቦን ወይም ከመስታወት ክር የተሠራ መረብ እየተጠቀሙ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬስደን ላይ ኩብ የተባለ ሕንፃ በካርቦን ክር አቁመዋል። ክሩ ስለማይዝግ ወፍራም ልብስ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ይበቃዋል። ዋጋው ገና ውድ ነው። ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ለአባቴ ልነግረው ሮጥኩ።

«በጨርቅ?» አለኝ።

እናቴ ባዘቶዋን ይዛ እንዝርቷን ስታሾር ነበር። «ምን ይገርማል? ጭቃ በጭድ አይደል የሚቦካ? የሲዳማስ ቤት ቀርከሃው እንደ ሰፌድ ተሸምኖ አይደል የሚቆመው?» አለች። ቀጥላም የእርሷ ጥጥ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማይሆን ነገርኳት፤ ሲሚንቶ ጥጥን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ ተራ መስታወትንም ይበላል፤ ለዚህ የሚሆነው መስታወት ዚርኮኒየም የገባበት ነው። «እንግዲያስ ሲሚንቶውም ጨካኝ ነው» አለች።

አባቴ አልሳቀም። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ስንት ሳንቲም አልክ? ባሕር ዳር?» አለ።

«አምስት ገደማ።»

አመልካች ጣቱን በአግድሙ አነሳው። «እኛ ይህን ያህል ነበር ያለበስነው። ወደ ባሕሩ የሚያወርድ ደረጃ ነበር። 1978 መሰለኝ። ቸኩለን ነበር፤ ሕፃናት ይዋኙበት ነበር።»

ለዓመታት ስለዚህ ሰው ግጥም ልጽፍ ስሞክር ናፍቆቱን ስፈልግ ነበር፤ ያገርን፣ የባሕርን፣ የወጣትነትን ናፍቆት። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። ደረጃው በአንዱም የለም።

«ከዚያ ወዲህ ሳይጠግኑት ይቀራሉ ብለህ ነው?» አልኩት። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማጽናናት አልችልበትም።

መልስ አልሰጠኝም። ከእናቴ ልቃቂት ጫፉን ስቦ በሁለት አውራ ጣቶቹ ጠመጠመና በኃይሉ ሁሉ ጎተተው።

«ተው፣ ይበጠሳል» አለች እናቴ።

አልተበጠሰም። ደግሞ ጎተተው።